የዴልቪና ሐኪም

ኦኔዚም ቡርጎ ግድግዳውን ታክኮ ከውጭ በኩል የሚወጣውን የእንጨት ደረጃ ሲጀምረው ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነበር፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱን ገታ። መደገፊያውን ይዞ ቆመ። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። ከታች፣ መንገዱ ዳር ካቆማት ጥቁር ፎርድ ውስጥ፣ ማዳም ኤግዚልዳ ጋኜ ክላክሱን ደጋግመው ይጫኑታል። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ክላክስ እጃቸው ሲገባ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ሊተውት አልቻሉም።

«አንተ ኦኔዚም፣ ተኛህ እንዴ?» ብለው በመስኮት ተጣሩ። «የምንመርጠው ሰውዬ በእኔ ድምፅ መጉደል ቢሸነፍ ኋላ በራስህ ላይ ነው።»

«መጣሁ ማዳም። ሙሴ ቴሌስፎርን ይዤ እወርዳለሁ።»

«ይዘህ ውረድ እንጂ ታዲያ። እርጥብ ደረጃ ላይ ቆሞ መንደር ማየት ምን ይባላል?»

ዕለቱ ማክሰኞ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1932፣ የምርጫው ቀን ነው። ግሬንጀር ፎልስ ላይ ካሉት አምስት የጨርቅ ፋብሪካዎች ሦስቱ ከተዘጉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። የቀሩት ሁለቱም በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው ጭስ የሚወጣቸው። በቦዩ ማዶ ያለው ሰፈር፣ ሰዉ ትንሿ ካናዳ የሚለው፣ አያቶቹ ከኩቤክ በባቡር መጥተው ለእነዚያ ፋብሪካዎች ሲሉ የሠፈሩበት ነው። አሁን ፋብሪካው ሄዶ ሰዉ ቀርቷል።

ኦኔዚም የዚህ ሰፈር የዴሞክራት ፓርቲ ተጠሪ ነው። ደሞዝ የለውም፤ በሁለት ዓመት አንዴ አንድ ሣጥን ሲጋራና ከፓርቲው ጠበቃ ከዱላክ ጋር እጅ ለእጅ መጨባበጥ ነው ያለው። ሥራው ግን የሙሉ ቀን ነው። ማን ወለደች፣ ማን ከሥራ ተባረረ፣ የማን ምድጃ ጠፋ፣ ሁሉንም ከእሱ በፊት የሚያውቅ የለም። የሰፈር ተጠሪ ደግሞ ባዶ እጁን ደጅ አይረግጥም። ማገዶም ይሁን ዱቄት፣ ከማዘጋጃ ቤት ይውጣ ከደብሩ፣ በእሱ እጅ ካለፈ «ፓርቲው ልኮላችሁ ነው» ይላል። ይህን ሲል ዋሸሁ ብሎ አስቦ አያውቅም። ከእሱ በፊት የነበረውም እንደዚያው ይል ነበር፤ ሰዉም ለምዶት «ፓርቲውን እግዜር ይስጠው» ብሎ ይቀበላል። ሥራው የሚሠራው እንዲህ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ካነበበ ወዲህ ግን እራቱ አልወረደለትም፣ እንቅልፉም አልመጣለትም። የግዛቱ ሕግ ተመጽዋች አይመርጥም ይላል። ከምርጫው በፊት ባሉት ሦስት ወራት ከከተማው የድሆች ሹም እርዳታ የተቀበለ ሰው ስሙ ከመራጮች መዝገብ ይሰረዛል። አቧራ የጠጣ ሕግ ነው፤ ኦኔዚም ለፓርቲው በሮጠባቸው ሃያ ዓመታት አንስቶት ያየ ሰው የለም። ዘንድሮ ሪፐብሊካኖቹ ፈሩ። የመራጮቹንና የተረጂዎቹን መዝገብ ጎን ለጎን ዘርግተው መቶ ስልሳ ሁለት ስም አወጡ። አብዛኞቹ መቀበላቸውን ያውቃሉና ተሳድበው ቤታቸው ቀሩ። አንድ ሰው ግን በስማቸው እርዳታ መውጣቱን አያውቁም። እኒህ ሰው ቴሌስፎር ፒኔት ናቸው፤ ሰፈሩ በፈረንሳይኛው ወግ «ሙሴ» (አቶ) ቴሌስፎር ይላቸዋል፤ ኦኔዚምም አሁን በራቸው ላይ ቆሟል።

ሳያንኳኳ በሩ ተከፈተ።

«ግባ፣ ግባ» አሉ ሙሴ ቴሌስፎር። «ጫማህን አትጥረግ። የምትቆጣህ ሴትዮ የለችም።»

ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። የእሑድ ሙሉ ልብሳቸውን ከነሰደርያው ለብሰዋል፤ ጢማቸውን ሲላጩ ጉንጫቸውን ቆርጠው በሲጋራ ወረቀት ቁራጭ ደሙን አግደውታል። ኮታቸው ላይ የፓርቲው ክብ ባጅ አለ። ኦኔዚም የሽመና መኪና መጠገን የተማረው ከእሳቸው ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የክር መቁረጫውን እጁ ላይ አስጨብጠው፣ «ጣትህን ብትቆርጥ የአንተ ጥፋት፣ ክሩን ብትቆርጥ የእኔ ጥፋት ነው» ብለው። ይኸው ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ይላቸዋል።

«ሙሴ ቴሌስፎር፣ ዝናቡ አላባራም። ደረትዎም እንደሆነ...»

«ደረቴ ምን ሆነ?»

«ዛሬ ባይወጡስ ብዬ ነው። ለአንድ ድምፅ ብለው...»

ሽማግሌው ዐይን ዐይኑን አዩትና ሳቅ አሉ። «ይሄን የምትለኝ አንተ ነህ? በየቤቱ እየዞርኩ "አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል አትበሉ" እንድል ያስጠናኸኝ አንተው አይደለህም እንዴ? ስንት በር አንኳኳሁ መሰለህ? ጉልበቴን ብትጠይቀው ይነግርሃል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል። በላህ?»

«በልቻለሁ።»

«አልበላህም። ባቄላ ተርፏል፤ ልጄ ብላንሽ ወደ ጫማ ፋብሪካው ሳትሄድ ያሞቀችው ነው።»

ኦኔዚም አልቀመጠም። ከምድጃው አጠገብ ያለው ወንበር የሞተችው ሚስታቸው የዴልቪና ነው፤ ሌላው ላይ የሽማግሌው ባርኔጣ ተቀምጧል። ሙሴ ቴሌስፎር በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት ከመሳቢያው አወጡ። የዜግነት ወረቀታቸው ነው፤ ከ1898 ጀምሮ በየምርጫው ይዘውት ይሄዳሉ። የጠየቃቸው ሰው የለም። እሳቸው ግን ቢጠይቁኝስ ይላሉ።

«አንተ ሕጉን ረስተኸው ነበር» አሉ እየፈቱት። «እኔ ግን አልረሳሁም። ማገዶና ዱቄቱን የጁላይ መጨረሻ ላይ በቃኝ ብዬ የመለስኩት ለምን ይመስልሃል? ኦገስት፣ ሴፕቴምበር፣ ኦክቶበር። ሦስት ወር ከስምንት ቀን። ብላንሽ እዚያ የቀን መቁጠሪያው ላይ እያሰመረችልኝ ነበር። ሾርባውን ያለ አሳማ ሥጋ በላነው፤ ምን ሆንን? ዴልቪናም እሺ አለች። ብርዱን እችለዋለሁ፣ ብቻ አንተ ሰው ሁን አለችኝ።»

ኦኔዚም አሁን ልናገር ብሎ አፉን ከፈተ።

«ኋላም ታማ ተኝታ ሳለ» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ፣ «ሐኪሙን የላኩልንን ሰዎች እንዳትረሳቸው አለችኝ። ሄደህ ምረጥላቸው። ሌላ የምንከፍላቸው የለንም። ይሄው ነው ያለችኝ። እና ዝናብ ነው ብዬ ልቅር?»

ኦኔዚም ባርኔጣቸውን ከወንበሩ አንሥቶ አቀበላቸው።

ነገሩ የሆነው ኦገስት ውስጥ ነው። ኦኔዚም ለሌላ ጉዳይ ጎራ ሲል ዴልቪና ወንበሯ ላይ ሆና መሐረብ ወደ አፏ ይዛ አገኛት፤ መሐረቡ ቀልቷል። ሙሴ ቴሌስፎር ከጎኗ ቆመው ነበር፤ እጃቸውን የሚያደርጉበት አጥተው። የግል ሐኪም የሚታሰብ አይደለም። የከተማው ሐኪም ደግሞ የድሆች ሐኪም ነው፤ የተረጂዎች መዝገብ ውስጥ ያስገባል። ሽማግሌው ይህን ያውቃሉ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። ኦኔዚም ከዚያ ቤት ወጥቶ እየሮጠ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ቅጹን ራሱ ሞላው። ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ «ቴ. ፒኔት፣ በኦ. ቡርጎ እጅ» ብሎ ጻፈ፤ እንግሊዝኛ ለማይጽፍ ጎረቤት ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። በማግሥቱ ሐኪሙ መጣ። ሽማግሌው በሩ ላይ «ማን ላከው?» ብለው ሲጠይቁት ምላሱ የለመደውን አወጣ። ፓርቲው ነው አላቸው።

ሐኪሙ ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሰ። ሊያድናት አልቻለም፤ በሚሰጣት ጠብታ ግን ትተኛ ነበር፣ ከዚያ በፊት አትተኛም ነበር። ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ሞተች። ኦኔዚም ደግ ሠራሁ ብሎ ነበር፤ በደግነቱም የሚያፍርበት የለም። ዛሬ ሌሊት ግን ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ አድሮ አንድ ነገር ለራሱ አመነ። ያን ቀን ሽማግሌውን ያላማከራቸው ለክብራቸው ብሎ ብቻ አይደለም። ሐኪሙም እንዲመጣ፣ የሽማግሌውም ድምፅ ለፓርቲው እንዳይቀር ፈልጎ ነው። ማን ያያል ብሎ ነው።

ሁለቱም ደረጃውን ወረዱ። ማዳም ኤግዚልዳ ወደ ኋላ ወንበር አልፈው የፊቱን ለቀቁላቸው። መኪናዋ የቀባሪው የሙሴ ፎርቲን ናት፤ ሙሴ ፎርቲን በምርጫ ቀን ቀብር ካልገጠማቸው ለፓርቲው ያውሷታል። ሙሴ ቴሌስፎር በሩን ይዘው ለአፍታ ቆም አሉ። ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጡባት ከዴልቪና ሣጥን ኋላ ሲሄዱ ነበር።

«ይግቡ እንጂ» አሉ ማዳም ኤግዚልዳ። «እኔማ ደስ ብሎኛል። ፎርቲንን ሳልሞት በመኪናው ሄድኩበት።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ኦኔዚምም ሳይወድ ፈገግ አለ።

«ለማን ነው የሚመርጡት ማዳም?» አሉ ሙሴ ቴሌስፎር ዞር ብለው።

«ለቢራው ነዋ። ቢራውን ሕጋዊ አደርጋለሁ ያለው የኛው ሰው አይደል? ለጉልበቴ መድኃኒት ነው። አሁን የምጠጣውን ማን እንደሚጠምቀው አልነግራችሁም፤ ግን የድመት ሽታ አለው።»

«ሥራስ? ስለ ሥራ አይመርጡም?»

«በሰባ አንድ ዓመቴ ሥራ ቢሰጡኝ ምን ልሆን ነው? ሥራ ለዚህ ልጅ ይስጡት።» በጣታቸው የኦኔዚምን ማጅራት ነካ አደረጉት። «ምነው ዝም አለ ይሄ? ምርጫ ሲመጣ አፉ አይዘጋም ነበር።»

«መንገዱን እያየሁ ነው ማዳም።»

መንገዱን አላየም። በቦዩ ዳር፣ የተዘጉትን ፋብሪካዎች ሰባራ መስኮቶች እያለፈ፣ ሦስት ጊዜ ቃሉን በልቡ አዘጋጀ። ሙሴ ቴሌስፎር፣ አንድ ነገር አለ። ሙሴ ቴሌስፎር፣ ያ ሐኪም። በየጊዜው ከኋላ ያሉት ሴትዮ አንድ ነገር ይሉና ይበተንበታል። ደግሞም ከሴትዮዋ ፊት እንዴት ይነገራል? ሰፈሩ ሁሉ ከምሳ በፊት ይሰማዋል። እዚያ ስደርስ ወደ ጎን ጠርቼ እነግራቸዋለሁ አለ። ፈሪ ሰው ሁልጊዜ የሚሻል ቦታ ወደፊት ያለ ይመስለዋል።

ምርጫው የሚካሄደው በእሳት አደጋ መኪናዎቹ ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪናዎቹን ዝናብ ላይ አውጥተው ጠረጴዛ ደርድረዋል። ውስጡ ሰው ሞልቶ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። ኦኔዚም በሩ ላይ የሽማግሌውን ክንድ ያዘ።

«ሙሴ ቴሌስፎር፣ አንዴ ወደዚህ...»

«ቆይ፣ ሰልፉ አጭር ነው» አሉና ክንዳቸውን በቀስታ አላቀቁ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ።

ጠበቃው ዱላክ እዚያው ነበር፤ ዣንጥላውን እንደ ከዘራ ተደግፎ ቆሟል። ኦኔዚም ማንን እንዳመጣ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ዝርዝሩን እሱም አንብቦታል። «አብደሃል?» አለው በጆሮው። «እኚህን ሰው እዚህ ድረስ ለምን አመጣሃቸው?» ኦኔዚም ቤታቸው ልተዋቸው አልቻልኩም ቢለውም አይገባውም።

ከጠረጴዛው ኋላ የጣቢያው ሹም ሚስተር ሄስኬት ተቀምጧል፤ ሰፊ ፊት ያለው፣ ክፋት የማያውቅ ሰው። ከጎኑ ጸሐፊው መዝገቡን ዘርግቶ በማስመሪያ ስም በስም ይወርዳል። ከጀርባቸው የሪፐብሊካኑ ታዛቢ ሚስተር ዋድሊ ቆሟል። ዋድሊ የሽመናው ክፍል አለቃ የነበረ ነው፤ ሙሴ ቴሌስፎርን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «ፒት» እያለ ጠርቷቸዋል፣ ስማቸው ረዘመብኝ ብሎ።

ማዳም ኤግዚልዳ ስማቸው ተገኘላቸው፣ ወረቀታቸውን ተቀበሉና መጋረጃው ውስጥ ገቡ።

ሙሴ ቴሌስፎር ቀረቡ። ስማቸውን ሙሉውን ተናገሩ፣ የአባታቸውን ጨምረው። ጸሐፊው ማስመሪያውን ወደ ታች አወረደ፣ ወደ ላይ መለሰ። ቀይ መስመር ላይ ቆመ። ለሹሙ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ሹሙ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረና፣ በየምርጫው እንደሚያደርገው፣ ኦኔዚም እንዲያስረዳቸው ወደ እሱ አየ። አስተርጓሚው እሱ ነው።

«ምን ይላል?» አሉ ሽማግሌው።

«ስምዎ... መዝገቡ ላይ ተሰርዟል ይላል።»

«ለምን?»

ሚስተር ዋድሊ ሳይጠየቅ መለሰ። ኦኔዚም ከመተርጎም ይልቅ ጎንበስ ብሎ ቀዩን መስመር አየ።

«በል እንጂ።»

«ተመጽዋች ነዎት ይላል።»

የሙሴ ቴሌስፎር ጆሮ ቀላ፤ ድምፃቸው ግን አልተነሣም። «ሦስት ወር ከስምንት ቀን በለው። ጁላይ ሠላሳ አንድ ቀን ነው የመለስኩት። የድሆች ሹሙን ይጠይቁት። ልጄ አስምራበታለች በለው።»

ኦኔዚም ተረጎመ፤ የተሰመረበትን የቀን መቁጠሪያ እንኳ ሳያስቀር። ሚስተር ሄስኬት ከልቡ አዘነ። ከአቃፊ ውስጥ አንድ ቅጽ አወጣና አነበበ፦ የሐኪም እርዳታ ለሚስት፣ ከኦገስት ሃያ ሁለት እስከ ሴፕቴምበር አሥራ አምስት፣ ዘጠኝ ጉብኝት፣ በከተማው ሒሳብ። ከሥር ያለውንም ፊርማ አነበበ።

«የሐኪም እርዳታ ይላል» አለ ኦኔዚም። «ለሚስትዎ። ከከተማው።»

«ከከተማው አይደለም። ከፓርቲው ነው። ንገረው እንጂ። አንተ እኮ ነህ...»

ንግግራቸው እዚያ ላይ ቆመ። ሹሙ ወረቀቱን ወደ እሳቸው አዙሮ በጣቱ አሳያቸው። እንግሊዝኛ አያነቡም። ያንን የእጅ ጽሕፈት ግን ያውቁታል፤ ዴልቪና ኩቤክ ላለችው እህቷ የምታስጽፈውን ደብዳቤ ሁሉ የሚጽፍላት ኦኔዚም ነው። ወረቀቱን ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ኦኔዚምን አላዩትም።

ሚስተር ሄስኬት መነጽሩን አውልቆ እንደገና ተናገረ፣ አሁን ቀስ ብሎ። እኒህ ሰው እርዳታውን እንዳልጠየቁና እንዳላወቁ ከማሉ፣ በስማቸው የፈረመውም ሰው ቀርቦ ያለ ፈቃዳቸው መፈረሙን ካመነ፣ እኔ በራሴ ኃላፊነት ወረቀቱን እሰጣቸዋለሁ አለ። ይህን ሲል የተመለከተው ኦኔዚምን ነው።

ኦኔዚም ይህንንም ተረጎመላቸው። አንድም ቃል አላስቀረም። ትርጉሙን ሲጨርስ የሚቀረው ነገር «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር፤ ሁለት ቃል ነው። ዱላክ ከኋላ ክርኑን ጨምድዶ ያዘው።

«ባንተ እጅ የተፈረመ ስንት ቅጽ እንዳለ አስብ» አለው በጆሮው። «አንዱን ሐሰት ነው ካልክ ሁሉንም ያወጡታል። አንተ ዳኛ ፊት ነህ፤ ሰፈሩ ደግሞ ከዛሬው ምርጫ ውጭ ነው።»

እውነቱን ነው። ኦኔዚም እውነት መሆኑን ያውቃል። የላፍላም ባልቴት፣ የቦሼን ወንድማማቾች፣ ምድጃቸው የጠፋባቸው ሁሉ በእሱ እጅ ነው የተፈረመላቸው፤ ጊዜው ያለፈ ስለሆነ ዛሬ ማንም አልነካቸውም። ፊርማው ሐሰት ነው ከተባለ ግን ሁሉም ተጠርጥረው ሊታገዱ ይችላሉ። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ትዝ አሉት። እስር ቤት ትዝ አለው። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ዋድሊ ሰዓቱን አወጣ። ኦኔዚም አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያለ ወለሉን አየ፤ ሲሚንቶው ላይ የእሳት አደጋ መኪናው ዘይት ያንጠባጠበበትን ቦታ እያየ ቆመ። ጊዜው አለፈ።

ሙሴ ቴሌስፎር ናቸው የተናገሩት፤ በእንግሊዝኛ፣ በሰባራው፣ ለሹሙ ፊት ለፊት።

«እኔ ጠራሁት» አሉ። «የሚስቴን ሐኪም እኔ ነኝ የጠራሁት። እንዲህ ብለህ ጻፍ።»

«ሚስተር ፒኔት፣ እንዲህ ካሉ እኮ...»

«ጻፍ።»

ጸሐፊው ጻፈ። ሽማግሌው የዜግነት ወረቀታቸውን በሰም ጨርቁ መልሰው ጠቀለሉ፤ ክሩንም አሰሩ። የኮታቸውን ባጅ ፈትተው ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጡ። ሳይወረውሩ፣ የሰው ዕቃ እንደሚመለስ አድርገው። ባርኔጣቸውን ያዙና ወጡ። ማዳም ኤግዚልዳ በዚያው ቅጽበት ከመጋረጃው ብቅ ብለው እርሳሱ ዱልዱም ነው እያሉ ያማርራሉ።

ኦኔዚም ተከትሎ ወጣ። ሽማግሌው የድልድዩን አቅጣጫ ይዘው ነበር፤ ዝናቡ ትከሻቸውን አጥቁሮታል። ሮጦ ደረሰባቸው።

«ሙሴ ቴሌስፎር፣ መኪናው ውስጥ ይግቡ። ይታመማሉ።»

«መኪናው ለሐዘንተኛና ለመራጭ ነው» አሉ ሳይቆሙ። «ሐዘንተኛነቴን ጨርሻለሁ። ሌላውን ደግሞ አይተሃል።»

«እናገር ነበር። ዱላክ ባይዘኝ...»

«ክርንህን ነው የያዘህ። አፍህን አልያዘህም።»

ኦኔዚም አለቀሰ። በሃምሳ አራት ዓመቱ፣ በቀን ብርሃን፣ መንገድ ላይ። «ለእሷ ብዬ ነው» አለ። «ሐኪም እንድታገኝ ብዬ ነው። እርስዎ ድምፅዎን እንዳያጡ ደግሞ... ሁለቱንም ላድንልዎ ብዬ ነው።»

ሙሴ ቴሌስፎር ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩት፤ በፊታቸው ላይ ኦኔዚም የፈራው ቁጣ አልነበረም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «ያን ቀን መጥተህ "ወይ ሐኪሙ ወይ ድምፅዎ" ብትለኝ፣ ምን የምልህ ይመስልሃል?»

ኦኔዚም ፊቱን ወደ ቦዩ አዞረ።

«እሰጣት ነበር እኮ። ያን ቀን ዝም ብዬ የቆምኩት ድምፄን ሰስቼ አልነበረም፤ ከአፌ ቃል ለማውጣት ትንሽ ጊዜ ፈልጌ ነው። አንተ ሮጥክ። አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ደህና ነገር ገዝቼላት አላውቅም። ቀለበቷ እንኳ የእናቴ ነው። ይህቺ አንዲት ድምፅ ነበረችኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመት እንደ ዐይኔ የያዝኳት። እሷን ለሐኪምሽ ሰጠሁልሽ ብያት ብትተኛ ኖሮ...» ዝናቡን ከፊታቸው በእጃቸው ጠረጉ። «አራት ሳምንት ላልሞላ ጊዜ የቀረቻትን ትንፋሽ በሙሉ መቁጠሪያ እየቆጠረች ለናንተ ፓርቲ ጸለየችበት፣ ኦኔዚም። እኔን አንዴም አላመሰገነችኝም። ምንም አላደረግኩላትማ፤ ምን ብላ ታመስግነኝ? ከፍዬላት ነበር። ከፍዬላት እያለሁ እኔም አላወቅኩ፣ እሷም ሳታውቅ ሞተች።»

ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አድርገው ድልድዩን ይሻገሩ ጀመር። ኦኔዚም ሊከተላቸው ጥቂት ተራመደ። ከኋላው፣ ከጋራዡ በር ላይ፣ ዱላክ በቦዩ መንገድ አምስት መራጮች ዝናብ ላይ ቆመው እንደሚጠብቁት ተጣርቶ ነገረው።

ኦኔዚም ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ወደ መኪናው ተመለሰ።